በየደጁ የሚቆም ፈረስ

ጋሼ ሸምሱ ሞቱ የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የነገረኝ ከመቱ የሚመጣ አውቶቡስ ረዳት ነው። አላመንኩትም። ልጁን ንቄ አይደለም፤ ሟቹ ራሳቸው ያስተማሩኝ ነው። «ሦስት አፍ ያልመሰከረለት ወሬ ወሬ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ጅማ ካለው ቤቴ ሆኜ መቱ ለቀረ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ደወልኩ። «አዎ፣ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። ሁለት አፍ ሆነ። ሦስተኛውን ፍለጋ በማግሥቱ ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ሚስቴ «የተቀበረ ሰው ደግሞ ምኑ ይጣራል?» ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ጋሼ ሸምሱን አታውቃቸውም።

ስንተዋወቅ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ጎሬ፣ የተመደብኩት መቱ፣ ሥራዬ ወባ። ከመቱ ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች እየዞርኩ ትኩሳት የያዘውን ሰው ጣቱን ወግቼ ደም እወስዳለሁ፣ ክሎሮኪን እሰጣለሁ፣ በሩ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ከተማው «ታደለ ወባ» ይለኝ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ሰው ሰላም ሲልህ እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» የምትልበት ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ዘመኑ ባይጨመርበትም ከእናቴ ሆድ ስወጣ ጀምሮ ተጠራጣሪ ነኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ በእግሬ ዞርኩ። የኢሉባቦርን ጭቃ ያላየ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል። ጫማ አልበረክት፣ እግር አልደርቅ ሲለኝ ፈረስ ልግዛ ብዬ ቆረጥኩ። ስለ ፈረስ የማውቀው አራት እግር እንዳለው ብቻ ነበር።

የገዛሁት መቱ ገበያ ነው። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ። ስሙንም ቦቃ አልኩት። ሻጩ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ፣ ዓይኑ ገበያተኛውን እንጂ እኔን የማያይ ሰው ነበር። ዋጋ ጠራ፤ ግማሹን አልኩት። «ይሁን» አለ። ገበያ ቆሞ በመጀመሪያው ቃል «ይሁን» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ በእኛ አገር ከብት የሸጠ ሰው ማሰሪያውን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል፤ ገመዱ ከሄደ የቤቱ ሲሳይ አብሮ ይሄዳል ይባላል። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኔም ይዤ መጥቼ ነበር። ይህ ሰውዬ ግን ፈረሱን ከነገመዱ እጄ ላይ ጥሎልኝ፣ አንዴም ዞር ብሎ ሳያይ ሕዝቡ መሃል ገባ።

ገመዱን የሰጠ ሰው ጠቅልሎ መገላገል የፈለገ ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ታዲያ ለምን ገዛሁት? እግሬ ደክሞት ነበር። ሰው ሲደክመው ጥርጣሬውም አብሮ ይደክማል።

መከራዬ የጀመረው በማግሥቱ ነው። ልጓም ላጎርሰው ስል ጥርሱን ይገጥማል። ኮርቻ ስጭንበት እንደ ጨዋ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስወጣበት ኮርቻው ከነእኔ ወደ ሆዱ ይዞራል። በሦስተኛው ቀን ሶር ወንዝ ድልድይ አጠገብ፣ ልብስ በሚያጥቡ ሴቶች ፊት እንደ ጆንያ ተዘረገፍኩ። አንዷ ቀና ብላ «ወባውን ራሱን ወባ ጣለው» አለች። ጉልበቴ ደማ። ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ የስርቆት ነው፣ ወይ የሆነ ነገር አስነክተውታል እያልኩ ገመዱን ይዤ እያነከስኩ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ከገበያው በላይ ያለውን ዳገት ስንጨርስ ቦቃ አንድ ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ኮርቻዎች ተሰቅለዋል። በዚያ ሰሞን የሠራው ብቸኛ ደግ ነገር ነውና «እንኳን እዚህ ቆምክ» አልኩት።

ጋሼ ሸምሱን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ የቀሩ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። አጭር፣ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ያለ፣ በአፋቸው ጥግ ሁልጊዜ የመስፊያ ጅማት የሚይዙ ሰው ነበሩ። በጥርሳቸው ጅማት ይዘው ስለሚያወሩ ቃላቸው ተጨፍልቆ ይወጣል፤ ያልተመቻቸው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ጅማቱ ይበዛል። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሲቀመጡ አንድም ቀን አላየሁም። ከበስተኋላቸው እስከ ጣሪያ የተደረደረ ቆዳና ያላለቀ ኮርቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም አያሳልፉም። «ቆዳ እያለፋሁ ነው፣ ይሸትሃል» ይሉሃል።

ያን ቀን ከሱቁ ወጥተው መጀመሪያ ሰላም ያሉት ፈረሱን ነው። «አካም ጂርታ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቁት፣ አንገቱን እየደባበሱ። ቦቃ፣ ያ እኔን ሲያይ ጥርሱን የሚገጥመው ቦቃ፣ ግንባሩን ደረታቸው ላይ አሳረፈ። አንዳንድ ሰው ከብት ይወደዋል አልኩ፤ ትንሽም ቀናሁ።

ከዚያ ኮርቻዬን አውርደው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት። ጎድኑ ላይ የድሮ ኮርቻ የበላው፣ ነጭ ጸጉር የበቀለበት ቦታ ነበር። ጣታቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከማን ገዛኸው?» አሉኝ።

«ከገበያ።»

«ገበያ የሰው ስም ነው?»

«ለምን ይጠይቁኛል ጋሼ?»

«አንተስ ለምን ትደብቀኛለህ?»

እንዲህ ተፋጥጠን ቆየን። እኔ ሻጩን ያውቁታል ብዬ ጠረጠርኩ። እሳቸው ምን እንደጠረጠሩ ያን ጊዜ አልገባኝም። በመጨረሻ ኮርቻውን መልሰው፣ ጎንበስ ብለው የሆዱን መቀነቻ አሰሩና፣ «ስትጭነው ሆዱን ይነፋል። ካሰርክ በኋላ አሥር እርምጃ አስኪደውና ትንፋሹን ሲለቅ ደግመህ አጥብቀው። ልጓሙን ደግሞ ብብትህ ውስጥ አሙቀህ አጉርሰው፤ የቀዘቀዘ ብረት ጥርሱን ያመዋል። ብልጥ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ አልጣለኝም። እኔ ግን ይህን ሁሉ እንዴት በአንድ ጊዜ አወቁ ብዬ ሌላ ጥርጣሬ ይዤ ሄድኩ።

ሁለተኛው ችግር ከፋ። ቦቃ ይቆም ጀመር። ወደ ኖፓ ስንሄድ ጥሩ እየተራመደ ይመጣና ከመንገድ ወጥቶ አንድ ደጃፍ ላይ አፍንጫውን አጥሩ ላይ አድርጎ ቀጥ ይላል። ብገርፈው አይነቃነቅ፣ ብለምነው አይሰማ። የበቃው ሲመስለው በራሱ ጊዜ ይመለሳል። የሚቆምባቸው ደጃፎች ሦስት ነበሩ፤ ዛሬም፣ ነገም፣ በሳምንቱም እነዚያው ሦስት። አንደኛው ኦቦ ተርፋሳ የሚባሉ ቀፎ ሠሪ ሽማግሌ ቤት ነው። ሁለተኛው ሰው የማይኖርበት የቡና መጋዘን። ሦስተኛው ኖፓ ልትደርስ ስትል ያለው የእትዬ ድንቄ ግቢ ነው፤ ባላቸው የሞተባቸው ብቸኛ ሴት ናቸው።

እትዬ ድንቄ መጀመሪያ ቀን የፈረሱን ኮቴ ሰምተው ሮጠው ወጡ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ፈረሱን አዩ፣ ከፈረሱ ወደ ላይ እኔን አዩ፣ ፊታቸው ጨለመ።

«ማነህ አንተ?»

«የወባ ሠራተኛ ነኝ እትዬ። ትኩሳት ያለበት ሰው አለ?»

«ወባ የለብንም» ብለው በሩን ዘጉት።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ይህን ዋጥ አድርጎ ዝም ይላል። እኔ ምን አደረግሁ? ገበያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ገብቼ ለሳቅ አወራሁት። ተጠራጣሪ ነኝ እያልኩ፣ መጠርጠር ያለብኝን ቦታ ትቼ ፈረስ ስጠረጥር አፌን ረሳሁት። «ሦስት ቤት ላይ ካልቆመ አይሄድም። የመጋዘኑን አይጥ ሳይጠይቅ አያልፍም እኮ» አልኩ። ቤቱ ሳቀ። ጥግ ላይ በክብሪት እንጨት ጥፍሩን የሚያጸዳው ጓድ በላቸው ግን አልሳቀም። የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አንድም ቀን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሻዩን ጨርሶ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ አደረገና፣ «ጓድ ታደለ፣ እስቲ አንድ ቀን አብረን እንውጣ። እኔ ፈረስህን ልሞክረው» አለኝ።

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ባላውቅም ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ቀጥ ብዬ ጋሼ ሸምሱ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ሌላ ስለ ፈረስ የማወራው ሰው የለኝማ። የያዙትን ወስፌ ቆዳው ላይ እንደሰኩ ተዉት።

«የት ተናገርከው?»

«ሻይ ቤት።»

«ማን ማን ነበር?»

«ሰው ሁሉ።»

ጅማቱን ከአፋቸው አወጡት። ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን ጥርት ብሎ የሰማሁት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወጡና ኮርቻውን ከቦቃ ላይ ራሳቸው አወረዱት። «ጀርባው ቆስሏል። ሁለት ሳምንት አይጫንም። እኔ ዘንድ ይቆይ፣ አዲስ ኮርቻ እለካለታለሁ።»

ጠዋት ራሴ ነበርኩ ያሻሸሁት፤ ቁስል አልነበረም። ነገር ግን ዓይናቸው ልክ እንደዚያ ሲሆን ሰው አይከራከራቸውም። በማግሥቱ ላየው ስሄድ የቦቃ ጀርባ በሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ተለቅልቋል። ዞር ሲሉልኝ በጣቴ ጠረግ አድርጌ አየሁት። ቆዳው ደህና ነው። አሁንማ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። እኚህ ሰውዬና ያ ጋቢ የተከናነበው ሻጭ አንድ ናቸው፤ አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ቆሰለ ብሎ ይወስዳል፣ ከሳምንት በኋላ «ሞተ» ይሉኝና ሌላ ገበያ ይወጣል አልኩ። እዚያው ቆሜ ሳብሰለስል ጓድ በላቸው ገባ።

ሐምራዊውን አየ። «መቼ ይድናል?»

«ሁለት ሳምንት» አሉ ጋሼ ሸምሱ። ጅማቱ ተመልሶ አፋቸው ገብቷል።

«ሸምሱ፣ ይህን ፈረስ አታውቀውም?»

«ጓድ፣ እኔ የማውቀው ጀርባ ነው። ከላዩ ማን እንደተቀመጠ ማየት ሥራዬ አይደለም።»

ጓድ በላቸው ሱቁን ዙሪያውን አየ፤ ቆዳውን አየ፣ ወደ ውስጥም አንድ እርምጃ ሄደ። «ይሸታል» አለና አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወጣ። ጋሼ ሸምሱ መስፋታቸውን ቀጠሉ። ወስፌው ጣታቸውን ሲወጋቸው አየሁና ሌባ ሹም ሲያይ እንዲህ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ እሰልላቸው ጀመር። አንድ ማለዳ፣ ጉም ገና ሳይነሣ፣ ቦቃን ይዘው ከከተማ ሲወጡ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። ወደ ኖፓ መንገድ ያዙ። ይኸው ሊሸጡት ነው ብዬ ከአንድ የሙዝ ተክል ጀርባ ተጠጋሁ። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙ። ከኪሳቸው ጨው አውጥተው በመዳፋቸው አስላሱት። ሃምሳ ስልሳ ቆጥረው ሄዱ። ሁለተኛው ቤት ደጃፍ ቆሙ፤ ጨው። ሦስተኛው፤ ጨው። ኦቦ ተርፋሳ ደጃፍም ቆሙ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ደጃፍ ቆሙ። አንድም ቤት አልዘለሉም። ከሙዙ ጀርባ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ፈረሴን የኔ ቢጤ አደረጉት እኮ። በየቤቱ ያስለምኑታል።»

አልደነገጡም፤ ምናልባት ከከተማ ጀምሮ አይተውኝ ነበር። «እያስተማርኩት ነው» አሉ።

«ምን?»

«ሥራህን።»

«እንዴ፣ በየበሩ መቆም ነው ሥራዬ?»

«አይደለም?» አሉና ጨው ያለበትን እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ቤት እየዘለልክ እንደምታልፍ አገር ያውቃል። አሁን ሂድ፣ እግርህን ጉም ይበላሃል።»

እውነታቸውን ነው፤ እየዘለልኩ አልፍ ነበር። አፍሬ ተመለስኩ። ጥርጣሬዬ ግን አብሮኝ ተመለሰ።

በሁለት ሳምንቱ ጓድ በላቸው መጣ። እሱ ቦቃ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ከጎኑ በእግሬ። ሶርን ተሻግረን ሰው ከሌለበት ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። «ይህ ፈረስ የማን እንደነበር ታውቃለህ? የአንድ አስተማሪ ነው። ዓመት ሙሉ ተሰውሮብናል። በየገጠሩ የሚደብቁት አሉ። ሰው ይዋሻል ጓድ ታደለ፤ ፈረስ ግን የለመደውን ቤት አያልፍም። ልጓሙን እለቅለታለሁ፤ ያደረበትን ቤት ሁሉ ራሱ ያሳየናል።» ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አወጣ።

ኦቦ ተርፋሳን አሰብኳቸው። እትዬ ድንቄን፣ ፊታቸው በርቶ ሮጠው የወጡትን አሰብኩ። ከሻይ ቤት ወንበር ላይ ሆኜ በቀልድ የጠቆምኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን የተጠቆመ ቤት ምን እንደሚሆን ማንም አያጣውም። ጨው የያዘው መዳፍ፣ ገመዱን ጥሎልኝ የሸሸው ሻጭ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ደግሞም ፈረሱ ትምህርቱን እንዳይረሳ አምላክን ለመንኩ።

ቦቃ የመጀመሪያው ቤት ላይ ቆመ። የጓድ በላቸው ዓይን በራ፤ ጻፈ። ሁለተኛው ቤት ላይ ቆመ፤ ጻፈ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ኦቦ ተርፋሳ ደጃፍ ሲቆም አምስተኛው ነበር፤ ሽማግሌው ቀፎ እየጠረቡ ቀና ብለው አይተው ተመልሰው አጎነበሱ። ስምንተኛው ቤት ላይ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካው። ከዚያ ቦቃ ሆዬ በቀጥታ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደጃፍ ሄዶ አፍንጫውን አጥሩ ላይ አደረገ። ሊቀመንበሩ እየተጣደፉ ወጥተው «ጓድ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። ጓድ በላቸው ደብተሩን ኪሱ ከተተው።

መጋዘኑ ላይም ቆመ፤ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው ቤትም ላይ ቆመ። ፀሐይ ስትበረታ እትዬ ድንቄ ግቢ ደረስን። ቦቃ ቆመ። ከዚያ ያላደረገውን አደረገ፤ አንገቱን ዘርግቶ አሽካካ። በመንገዱ ሁሉ አላሽካካም፤ እዚያ ብቻ። የጓድ በላቸው እጅ ወደ ኪሱ ሲሄድ አየሁ።

እትዬ ድንቄ ወጡ። እሱን ሳያዩ እኔን ይዘው ጀመሩ። «አንተ ወባ፣ ያ መራራ ኪኒንህ ሆዴን ሊጨርሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ሹም ይዘህ ልታስውጠኝ መጣህ?»

አንድም ኪኒን ሰጥቻቸው አላውቅም። ዓይናቸውን አየሁ። «እትዬ፣ ሙሉውን ካልጨረሱ አይለቅዎትም ብዬዎት አልነበር?» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

ጓድ በላቸው ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ከፈረሱ ወረደ። «ይህ ፈረስ አይደለም፣ ለማኝ ነው» ብሎ ገመዱን ሰጠኝና በእግሩ ወደ መቱ ተመለሰ። ሌላ ቀን ስለ ቦቃ አንሥቶ አያውቅም።

እስኪመሽ አልጠበቅሁም፤ በቀጥታ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። እንደ ወትሮው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይሰፋሉ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«የፈረሱ ባለቤት ማን እንደሆነ።»

«የፈረሱ ባለቤትማ አንተ ነህ።»

«አላመኑኝም ነበር ማለት ነው?»

ጅማቱን በጥርሳቸው በጠሱት። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። እኔ ደግሞ እጨምርበታለሁ፤ ያደረሰበትንም አይረሳም። እንዳይቆም ባስተምረው ኖሮ ሰውዬው ‹ማን አስተማረው?› ይላል። በየቤቱ ሲቆም ግን ማን ይደነቃል? የወባ ፈረስ ነው። አንተም ምንም ስለማታውቅ ፊትህ አይከዳህም።»

«አሁንስ ያምኑኛል?»

የበጠሱትን ጅማት መልሰው አፋቸው ከተቱት። «ነገ ና» አሉ፣ «ኮርቻህ ይደርሳል።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት መቱ ኖርኩ። ሥራ ስጨርስ ሱቃቸው ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ወስፌ አቀብላለሁ፣ ጅማት እዘረጋለሁ። ቦቃ እስኪያረጅ በየደጁ እየቆመ አዞረኝ፤ ድሮ ዘልያቸው አልፋቸው ከነበሩት ቤቶች ስንት የታመመ ሰው አገኘሁ። ጅማ ከተዛወርኩ በኋላም በየዓመቱ አንዴ እጠይቃቸው ነበር። ስለዚያ አስተማሪ አንድም ቀን አላነሡልኝም፤ ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ እንደልቡ ሲያወራ እንኳ ዝም። እኔም አልጠየቅሁም። የሚያምነኝ ወዳጅ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ኖርኩ።

ሦስተኛዋ አፍ እትዬ ድንቄ ናቸው። አሁን መቱ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። «አዎ ሞቱ። እኔ ራሴ ለቅሶው ቤት ነበርኩ» አሉኝ። አመንኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ለመጽናናት ይሁን ለማጽናናት እንጃ፣ ስለ ቦቃ አነሣሁላቸው። «ሦስት በር ነበር የሚያውቀው፤ ጋሼ ሸምሱ አገሩን ሁሉ አሳወቁት» አልኩ።

«የምን ሦስት» አሉ እትዬ ድንቄ። «አራት ነበር እንጂ ልጄ።»

«አራተኛው የማን ነው?»

«ሸምሱ ሱቅ አልቆመም? አስተማሪው እኮ ከቆዳው ጀርባ ነበር። አንተ ጉልበትህን ደምተህ የመጣህ ቀን እዚያው ተኝቷል፤ የፈረሱን ኮቴ ለይቶ ሊነሣ ሲል ነው ሸምሱ ሮጦ የወጣው። ያ ሹም ሱቁ ገብቶ ሸተተኝ ያለ ቀንም እዚያው ነበር። ሁለት ሳምንቱ ለፈረስ ብቻ መሰለህ? አስተማሪውን በጋምቤላ በኩል እስኪያሻግሩት ነው። ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።»

እኔ ስቆጥር የኖርኩት ከከተማ ውጭ ያሉትን በሮች ነው። ያን ቀን እያነከስኩ ዳገቱን ስጨርስ ቦቃ በራሱ ኮርቻ ቤት የመረጠልኝ መስሎኝ አመስግኜው ነበር። ሻይ ቤትም ሳወራ ያን በር ያልቆጠርኩት ስላስተዋልኩ አይደለም፤ ስላላስተዋልኩ ነው። ብቆጥረው ኖሮ ጓድ በላቸው ኖፓ ድረስ ባልደከመ። ጋሼ ሸምሱ ሌሎቹን ሦስት በሮች ሲያድኑ የእሳቸው አንገት ከሁሉም ቀድሞ ገመድ ውስጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወስፌ ጣታቸውን ሲወጋቸው አይቼ ሌባ ብያቸዋለሁ።

ተቀየምኩም። ያን ሁሉ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አራተኛውን በር አልነገሩኝም። ጠረጠሩኝ ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ለሻይ ቤት ሙሉ ሰው ሦስት በር የሰጠ ሰው አራተኛውን እንዳያገኝ ማድረግ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እኔንም ከራሴ አፍ እየጠበቁኝ ነበር።

ከእትዬ ድንቄ ቤት ወጥቼ ዳገቱን ወጣሁ። ሱቁ ተዘግቷል፤ ቁልፉን ዝገት ገና አልያዘውም። ማንኳኳት አልፈለግሁም። እንደ ቦቃ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ቆምኩ፤ ለአላፊ አግዳሚው የሚጠብቀውን የማያውቅ ሰው መስዬው ይሆናል። የሚበቃኝን ያህል ቆሜ በራሴ ጊዜ ተመለስኩ።